የባሕር ዳርቻን ፕላስቲክ በትክክል መልቀምና መቁጠር፦ ከዝግጅት እስከ ተጎዳ እንስሳ አያያዝ

የባሕር ዳርቻ ጽዳት ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ጥፋት ይህ ነው፦ ለቃሚዎቹ ትልልቁን ጠርሙስ ሰብስበው እንስሳ የሚገድለውን ክርና ፍርፋሪ አሸዋው ላይ ይተዉታል። ከፕላስቲኩ ጋር የባሕር አረሙን ጠርገው የወፎቹን መኖ ያጠፋሉ። ስንት ጆንያ እንደሞላ ይቆጥራሉ እንጂ ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ አይመዘግቡም፤ ስለዚህ ቆሻሻው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ያው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ይህ መመሪያ ከአራት እስከ ስምንት ሰው ላለው ቡድን የተዘጋጀ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ሥሩ፤ ከመሐል አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ቦታውንና ሰዓቱን ምረጡ

ርዝመቱ። 100 ሜትር ብቻ ያዙ። ኪሎ ሜትር ሙሉ እየሮጡ ከማየት 100 ሜትር አሸዋውን አንድ በአንድ እያዩ መሄድ ይሻላል። የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ አገሮች የኦስፓር ስምምነትም ሆነ የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ለዳርቻ ቆሻሻ ክትትል የሚጠቀሙት 100 ሜትርን ስለሆነ፣ የእናንተም ቁጥር ከሌሎች ጋር ሊነጻጸር ይችላል። መነሻውንና መድረሻውን በማይንቀሳቀስ ነገር (በዐለት፣ በምሰሶ፣ በግንብ ጥግ) ለዩት፤ የጂፒኤስ ነጥቡን መዝግቡ፤ ከሁለቱም ጫፍ ፎቶ አንሡ። ካስማ አሸዋ ውስጥ አትትከሉ። ኤሊ እንቁላል በሚጥልበት ዳርቻ ካስማው ከሥር ያለውን ጎጆ ሊወጋው ይችላል።

ሰዓቱ። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ስለዚህ ያለፈው ሳምንት ሰዓት ለዛሬ አይሆንም፤ የአካባቢውን የሙላት ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ሙላቱ ጫፉ ላይ ከደረሰ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀምሩና ባሕሩ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ሳይደርስ ጨርሱ። በዚህ ሰዓት ውኃው እየሸሸላችሁ ነው፤ ከገደል ሥር ብትሆኑ እንኳ መመለሻ አይዘጋባችሁም።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሙላቱ ከወትሮው ከፍ ይላል። በነዚያ ቀናትና ከማዕበል በኋላ ዳርቻው ላይ ባሕሩ ትቶት የሄደ ሁለት ወይም ሦስት የአረም መስመር ታያላችሁ። የላይኛው መስመር በፀሐይ የተሰባበረ የቆየ ፕላስቲክ የሚጠራቀምበት ነው፤ የታችኛው ትናንት የመጣ ነው። ሁለቱን ለይታችሁ መመዝገብ አለባችሁ፤ ቀላቅላችሁ ከቆጠራችሁ የወራት ክምችትን የአንድ ቀን ቆሻሻ አድርጋችሁ ታቀርባላችሁ።

ማስጠንቀቂያ። በኤሊ የእንቁላል ወቅት ወይም ወፎች አሸዋ ላይ በሚፈለፍሉበት ጊዜ ዳርቻውን ለሚጠብቀው አካል ሳታሳውቁ አትግቡ። የኤሊ እንቁላል ለመፈልፈል ሁለት ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ የእናት ኤሊዋ ዱካ በነፋስ ጠፍቶም ጎጆው ከእግራችሁ ሥር ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አዘጋጁ

1. ጓንት፦ መዳፉ ላይ ጎማ የተቀባ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥንድ፣ ለቡድኑ ሁለት ትርፍ።
2. ጠንካራ ጫማ። ክፍት ጫማ አይሆንም።
3. ባልዲ፦ ለሁለት ሰው አንድ። ነፋስ ባለበት ዳርቻ ከፌስታልና ከከረጢት ባልዲ ይሻላል፤ ያነሣችሁት ፎም አይበርርባችሁም።
4. ጆንያ፦ አራት። ፀሐይ የመታውን አሮጌ ጆንያ አታምጡ፤ ራሱ እየተፈረፈረ ክር ይጥላል።
5. መቁረጫ፦ አንድ መቀስ፣ አንድ ጫፉ ደንዳና የሆነ የገመድ ቢላ፣ አንድ የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ።
6. ክዳኑ የሚጠብቅ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ለመርፌና ለመንጠቆ፣ ማንሻ መቆንጠጫም።
7. ተንጠልጣይ ሚዛን፣ 30 ወይም 50 ሜትር የሚሆን የመለኪያ ሜትር፣ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ እርሳስ። እስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።
8. ለጥቃቅኑ፦ 5 ሚሊ ሜትርና 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላቸው የብረት ወንፊቶች፣ ወረንጦ፣ ክዳን ያለው የመስታወት ብልቃጥ፣ ደረቅ ጨው።
9. ለእንስሳ፦ ሁለት ፎጣ፣ አየር የሚገባው የካርቶን ሣጥን፣ የአካባቢው የእንስሳት አድን ቡድን ስልክ ቁጥር። ቁጥሩን ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ መሥራቱን አረጋግጡ።

ሥራ ከፋፍሉ። አንድ ሰው መዝጋቢ ነው፤ እሱ አይለቅምም። ሁሉም እየለቀመ «በኋላ እንቆጥራለን» ያለ ቡድን አይቆጥርም።

ደረጃ 3፦ የማይነካውን ለዩ

መልቀም ሳትጀምሩ መሪው 100 ሜትሩን ብቻውን አንድ ጊዜ ይሂድበት። የሚፈልገው እነዚህን ነው፦

መርፌና ስሪንጅ። በእጅ አይነሣም። ክዳኑ የሚጠብቀውን የፕላስቲክ ዕቃ አሸዋው ላይ አስቀምጡና መርፌውን በመቆንጠጫ አንሥታችሁ፣ የመርፌው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ፣ ወደ ውስጥ ጣሉት። የመርፌውን ክዳን መልሳችሁ ልትገጥሙለት አትሞክሩ፤ ሰው የሚወጋው እዚያ ላይ ነው።

በርሜል፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የመርከብ የአደጋ ርችት፣ ጥይት የሚመስል ብረት። አትንኩ፤ አታንከባልሉ። ነፋሱ ከናንተ ወደ ዕቃው በሚነፍስበት በኩል ራቁ፣ ሌላውን ሰው አርቁ፣ ለሚመለከተው አሳውቁ። በዚያ ቀን ያንን ክፍል ዝለሉት፤ መዝለላችሁንም ቅጹ ላይ ጻፉ።

ፌስታል የሚመስል ሰማያዊ ፊኛ። ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ያለው፣ በአየር የተነፋ፣ ክር የተንጠለጠለበት ነገር «የፖርቱጋል የጦር መርከብ» የሚባለው ተናዳፊ የባሕር ፍጥረት ሊሆን ይችላል። ሞቶ አሸዋ ላይ ከደረቀም በኋላ ይናደፋል።

ደረጃ 4፦ ፕላስቲክ መስለው ፕላስቲክ ያልሆኑትን ተዉ

አዲስ ለቃሚ ከሚያነሣው ውስጥ ቀላል የማይባለው ፕላስቲክ አይደለም።

አራት ጥጉ ላይ ቀንድ ወይም ክር ያለው ጥቁር ቡናማ ኪስ የሻርክ ወይም የሬይ ዓሣ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ከባድና እርጥብ ከሆነ፣ ወደ ብርሃን ስታነሡትም በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ካያችሁ፣ ሕይወት አለው፤ በጉድለት ጊዜም ከውኃ በማይወጣ ስፍራ መልሱት። ባዶ ከሆነ ባለበት ይቆይ።

ፎም የሚመስል ነጭ፣ ሞላላ፣ እጅግ ቀላል ነገር ከትልፊሽ የተባለው የስኩዊድ ዘመድ የባሕር እንስሳ አጥንት ሊሆን ይችላል። በጥፍር ፋቁት፤ እንደ ጠመኔ ዱቄት ከሆነ አጥንት ነው፣ ተጨምቆ መልሶ ከተነፋ ወይም ወደ ትንንሽ ነጭ ኳሶች ከተለያየ ፎም ነው።

የባሕር አረሙን አታንሡ። በሥሩ የሚኖሩት ትንንሽ ነፍሳት የዳርቻ ወፎች ምግብ ናቸው፤ አረሙ አሸዋውንም ይይዛል። አረሙን በጣት ገለጥ አድርጋችሁ ፕላስቲኩን አውጡና መልሳችሁ አልብሱት። መጥረጊያ፣ ሬክና ትራክተር ይህን ሥራ አይሠሩም፤ ትልቁንም አረም ሙልጭ አድርገው ይወስዱታል፣ ትንሹን ፕላስቲክ ደግሞ ወደ አሸዋው ውስጥ ይቀብሩታል።

ደረጃ 5፦ በዚህ ቅደም ተከተል ልቀሙ

ጥንድ ጥንድ ሁኑ፤ በሰውና በሰው መካከል ሁለት ሜትር ተዉ። ከዳርቻው ጀርባ ካለው ሣር ጀምራችሁ ወደ ውኃው፣ ከዚያ ወደ ሣሩ እየተመላለሳችሁ ሂዱ። በተቻላችሁ መጠን ፀሐይ ፊት ለፊት እንዳትመታችሁ አድርጉ።

አንደኛ ዙር፦ የሚያንቀውና የሚጠልፈው። የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ መረብ፣ ገመድ፣ የካርቶን ማሰሪያ ቀለበት፣ የፊኛ ክር። ይህ ሁሉ ከጠርሙስ በፊት ይነሣል። ለምን ቢባል፣ ጊዜ ወይም ጉልበት ቢያልቅባችሁ ዳርቻው ላይ መቅረት የሌለበት ይህ ነው። አንገቱ ላይ ቀለበት የገባበት ግልገል አቆስጣ (ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ) ሲያድግ ቀለበቱ አያድግም፤ ቆዳውን ሰንጥቆ ወደ ሥጋው ይገባል። ቀለበት የሆነውን ሁሉ ከመጣላችሁ በፊት ቁረጡት፤ ከጆንያው ወድቆ ቢቀር እንኳ ማንንም አያንቅም።

የተቀበረ ገመድ ወይም መረብ ስታገኙ በኃይል አትጎትቱ። ጉብታው ይናዳል፤ ገመዱም ተበጥሶ ክሩን አሸዋው ውስጥ ይበትናል። እንዲህ አድርጉ፦

1. ዙሪያውን በእጅ ቆፍራችሁ ጫፉ እስኪታይ ተከተሉት።
2. እስከ ክርናችሁ ድረስ ቆፍራችሁም ካላለቀ፣ ከታች በቻላችሁት ጥልቀት ቁረጡትና አሸዋውን መልሱ።
3. ትልቅ መረብ ከሆነ ባለበት ቦታ አንድ አንድ ሜትር እያደረጋችሁ ቆራርጡት። ቢላውን ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ ሳቡ።
4. ከመጠቅለላችሁ በፊት ዓይን ዓይኑን እዩ። ሸርጣንና ትንንሽ ዓሣ በሕይወት ተይዘው ይገኛሉ፤ ክሩን ቆርጣችሁ ልቀቁ እንጂ እንስሳውን አትጎትቱ።

ሁለተኛ ዙር፦ የሚዋጠው። የፊኛ ቁራጭ፣ ፌስታል፣ ክዳን፣ የሲጋራ ፊልተር፣ የፎም ፍርፋሪ። እዚህ ላይ ለስላሳው ከጠንካራው ይቅደም። በ2019 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ የባሕር ወፍ ፊኛ ብትውጥ የመሞት ዕድሏ ጠንካራ ፕላስቲክ ከምትውጠው በ32 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ለስላሳው ጎማ ተለጥጦ አንጀትን ስለሚደፍን ነው። ባሕር ላይ የቆየ ፕላስቲክ ደግሞ አልጌ ስለሚበቅልበት የምግብ ሽታ ያወጣል፤ ወፎቹም ሆኑ ኤሊዎቹ የሚሳሳቱት በዓይን ብቻ አይደለም። አንድ ቁራጭ አንሥታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ፦ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተገመጠ፣ ጎን ለጎን የተደረደረ ንክሻ ካለበት፣ ዓሣ ወይም ኤሊ ቀምሶታል። ይህን ለብቻ አስቀምጡት፤ ከሌላው ጋር አትደባልቁት።

ሦስተኛ ዙር፦ ጠርሙስ፣ ጄሪካን፣ ጫማና ሌላው ትልልቅ ዕቃ። ከማንሣታችሁ በፊት ውስጡን እዩ፤ ሸርጣን ይገባበታል። ጆንያውን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉ። እርጥብ ገመድ ከሚታየው በላይ ይከብዳል፣ አፉ ያልታሰረ ጆንያም መልሶ ይደፋል።

ደረጃ 6፦ ጥቃቅኑን ለዩ

ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ከሁሉም ዳርቻ መልቀም አይቻልም፤ የሚቻለው ናሙና ወስዶ መጠኑን ማወቅ ነው።

1. የላይኛው የአረም መስመር ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ስመሩ።
2. የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ በብረት አካፋ ባልዲ ውስጥ ክተቱ። የሱፍ መሰል ሹራብ የለበሰ ሰው ይህን አይሥራ፤ የልብሱ ክር ናሙናው ውስጥ ይገባል።
3. በ5 ሚሊ ሜትሩ ወንፊት ንፉ። የቀረውን በእጅ ልቀሙ፣ ያለፈውን በ1 ሚሊ ሜትሩ ድጋሚ ንፉ።
4. ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 360 ግራም ያህል ጨው ጨምራችሁ፣ ጥቂቱ ከሥር ቀርቶ ከዚያ በላይ እስከማይሟሟ ድረስ አማስሉ። በ1 ሚሊ ሜትሩ ወንፊት ላይ የቀረውን አሸዋ ጨምሩበት፣ ሁለት ደቂቃ አማስሉ፣ ውኃው እስኪጠራ ጠብቁ።
5. የተንሳፈፈውን በወረንጦ ወደ መስታወቱ ብልቃጥ አንሡ። ሦስት ጊዜ ድገሙ።
6. የጨው ውኃውን ሣርና ጉብታ ላይ አትድፉ፤ ተክሉን ይገድለዋል። መልሳችሁ በጄሪካን ውሰዱት።

ለምን ጨው? ፌስታልና ክዳን የሚሠራባቸው ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከባሕር ውኃም ስለሚቀልሉ በቀላሉ ይንሳፈፋሉ፤ ፎም ሆኖ ያልተነፋ ጠጣር ፖሊስታይሪን ግን በተራ የባሕር ውኃ ይሰምጣል። በጨው የጠገበ ውኃ ክብደቱ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ወደ 1.2 ግራም ስለሚደርስ እሱንም ያነሣል። የመጠጥ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔትና ቧንቧ የሚሠራበት ፒቪሲ ከዚህም ይከብዳሉ፤ ስለዚህ ውጤታችሁ ላይ «ከ1.2 በታች የሆኑ ፕላስቲኮች» ብላችሁ ጻፉ፤ «ሁሉም ፕላስቲክ» አትበሉ።

ምንም ካልተንሳፈፈ ጨውን ፈትሹ፤ ባልዲው ሥር ጥቂት ጨው ሳይሟሟ ካልቀረ ውኃው አልጠገበም ማለት ነው። የሚንሳፈፈው ሁሉ አረም ከሆነ ደግሞ ናሙናውን ከማማሰል በፊት አድርቁትና ቀለል አድርጋችሁ ንፉት።

ምስር የሚያክሉ፣ ክብ ወይም ጠፍጠፍ ያሉ፣ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ፍሬዎች ካገኛችሁ የፋብሪካ ጥሬ ፕላስቲክ ናቸው። በጣት ጨምቁ፦ የዓሣ እንቁላል ይፈርጣል፣ የተክል ዘር ይሰነጠቃል፣ ፕላስቲኩ ግን ምንም አይሆንም። በባዶ እጅ አትንኩ፤ የባሕሩን ዘይትና መርዝ ላያቸው ላይ ይይዛሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከሆኑ ከመርከብ ኮንቴይነር የፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ቀን አሳውቁ። በ2021 ስሪ ላንካ አጠገብ ተቃጥላ የሰመጠችው ኤክስ ፕሬስ ፐርል መርከብ 1,680 ቶን ገደማ እንዲህ ያለ ፍሬ ጭና ነበር፤ ፍሬው በአሸዋ ከተሸፈነ በኋላ ማውጣቱ እጅግ ከባድ ነው።

ደረጃ 7፦ የተጎዳ እንስሳ ስታገኙ

በጎ ልብ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ራሱንም፣ እንስሳውንም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ቁሙ ነው። ሰውና ውሻ አርቁ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ ፎቶና ቦታ ላኩ፣ ደውሉ። እርዳታ እስኪመጣ ድረስ እንደየእንስሳው እንዲህ አድርጉ።

ኤሊ። ወደ ባሕር አትመልሷት። ዳርቻ የወጣች የደከመች ኤሊ መዋኘት ስለማትችል ትሰምጣለች፤ ኤሊ የምትተነፍሰው አየር ነው። ጥላ ሥሩላት፣ እርጥብ ፎጣ ቅርፊቷ ላይ ጣሉ፣ አፍንጫዋን ግን ክፍት ተዉ። በመቅዘፊያ እግሮቿ ይዛችሁ አታንሡ።

ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ የወጣ ክር ወይም ፌስታል አትጎትቱ። የክሩ ሌላ ጫፍ አንጀቷ ውስጥ ተጠምጥሞ ይሆናል፤ ስትስቡት አንጀቱ እንደ መጋረጃ ይሰበሰብና ይቀደዳል። ክሩ የተንጠለጠለ ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ የእንስሳት ሐኪሙ ጫፉን ማግኘት አለበት።

አቆስጣና የባሕር አንበሳ። ከ50 ሜትር አትቅረቡ። በፍጥነት ይነክሳሉ፣ ንክሻቸውም ክፉ ኢንፌክሽን ያስከትላል። አንገቱ ላይ ገመድ ብታዩም ራሳችሁ አትቁረጡ፤ ደንግጦ ገመዱን እንደያዘ ባሕር ከገባ የሚያገኘው የለም። በእሱና በውኃው መካከል አትቁሙ።

ዓሣ ነባሪ። ገመድ የጠለፈው ዓሣ ነባሪ ውኃ ውስጥ ካያችሁ የሚጎተተውን ጫፍ አትቁረጡ። የሠለጠኑ አዳኞች ተንሳፋፊ አስረው የሚከታተሉት በዚያ ጫፍ ነው።

ወፍ። የወፍ ጉንፋን በታወጀበት ጊዜ ጭራሽ አትንኩ፤ ደውሉ ብቻ። ካልሆነ ጓንት አጥልቁ፣ ፎጣ ከላይ ጣሉ፣ ክንፎቿን ከጎኗ ጋር ያዙ፣ ምንቃሯን ከፊታችሁ አርቁ፤ ረጅም ምንቃር ያላቸው ዓይን ይወጋሉ። እግር ላይ የተጠመጠመውን ክር በመቀስ ቁረጡ እንጂ አትፍቱ። ዙሩን ስትጨርሱ ላባውን ገልጣችሁ ደግማችሁ እዩ፤ አንድ ዙር ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ክሩ ቆዳውን ከቆረጠ አትልቀቋት፤ በሣጥን፣ በጨለማ፣ ያለ ምግብና ያለ ውኃ፣ ወደ ሐኪም ላኩ።

የሞተ እንስሳ። አትክፈቱ፣ አትቅበሩ። ከጎኑ የሚታወቅ መጠን ያለው ነገር አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡና አሳውቁ። ለምርምር የሆድ ዕቃው ይፈለጋል፤ በሰሜን ባሕር የፕላስቲክ ብክለት ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ሞተው ዳርቻ በወጡ ፉልማር የተባሉ ወፎች ሆድ ውስጥ የተገኘው ፕላስቲክ ክብደት ነው።

ደረጃ 8፦ ቁጠሩና መዝግቡ

ሸራ ዘርጉ፣ ጆንያውን ገልብጡ፣ አሸዋውን አራግፉ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን በቁጥር መዝግቡ፤ ክብደት ሁለተኛ ነው፣ እርጥብና አሸዋማ ዕቃ ሚዛንን ያሳስታል። በየዓይነቱ ክፈሉት፦ ክዳን፣ ጠርሙስ፣ ገመድ፣ መረብ፣ ክር፣ ፊኛ፣ የጆሮ ማጽጃ እንጨት፣ የሲጋራ ፊልተር፣ የምግብ መጠቅለያ፣ ያልታወቀ ቁራጭ። አንድ ጠርሙስ ተሰባብሮ ከተገኘና ቁራጮቹ የሚገጣጠሙ ከሆነ አንድ ብላችሁ ጻፉ፤ ካልተገጣጠሙ እያንዳንዱ ቁራጭ ይቆጠራል። መጀመሪያ ሕጉን ተስማሙ፤ መሐል ላይ አትቀይሩ።

ምንጩን የሚናገር ነገር አለ። የጆሮ ማጽጃ የፕላስቲክ እንጨት በብዛት ከመጣ በሽንት ቤት ተጥሎ በፍሳሽ የመጣ ነው። የወጥመድ መለያ ቁጥርና የመረብ ቁራጭ ወደ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ይመራል። ትልቅ የዘይት ጄሪካንና የውጭ ቋንቋ ጽሑፍ ያለበት የምግብ ዕቃ በአንድ ላይ ከመጣ መርከብ ተጠርጣሪ ነው፤ ማርፖል የተባለው የመርከብ ብክለት መከላከያ ዓለም አቀፍ ስምምነት አምስተኛ አባሪ ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ ፕላስቲክ ከመርከብ መጣልን ከልክሏል። ጽሑፉን፣ ቀኑንና ባር ኮዱን ፎቶ አንሡ። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 የጆሮ ማጽጃ እንጨት፣ መምጠጫና የፕላስቲክ ሰሃን ከገበያ ሲያወጣ ዕቃዎቹን የመረጠው ከዳርቻ ቆጠራ ተነሥቶ ነው። ቅጽ መሙላት አሰልቺ የመሰለው ሰው ይህን ያስታውስ።

ደረጃ 9፦ የለቀማችሁትን አስወግዱ

በዚያኑ ቀን አንሡ። ጆንያ ዳርቻ ላይ ካደረ እንስሳ ይቀደዋል፣ ሙላቱም መልሶ ይወስደዋል። አታቃጥሉ፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስና ዲዮክሲን ያወጣል። አሸዋ ውስጥም አትቅበሩ፤ የሚቀጥለው ማዕበል ያወጣዋል።

መልሶ ጥቅም ላይ ለሚያውል ድርጅት ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ጨው የገባውና ፀሐይ የሰባበረው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ አይፈለግም፤ ያልተጠየቀ ጭነት ከንጹሑ ጋር ተደባልቆ ሁሉንም ያስጥላል። ጠርሙስና ጠንካራ ክዳን ለብቻ፣ መረብና ገመድ ለብቻ፣ የቀረው ወደ ቁጥጥር ወዳለው የቆሻሻ ማስወገጃ ይሂድ።

ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ 100 ሜትር፣ በዚያው ዘዴ ድገሙት። ቁጥሩ በአንዴ እጥፍ ቢሆን ከመደምደማችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ በሳምንቱ ማዕበል ወይም የወንዝ ጎርፍ ነበር? የላይኛውና የታችኛው የአረም መስመር ተቀላቅሎ ተመዝግቧል? የለቃሚው ቁጥር ተለውጧል? ሦስቱም ካልሆኑ በዓይነት ዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ረድፍ እንዳደገ ፈልጉና፣ ያንን አንድ ዕቃ ወደ ላይኛው ወንዝ፣ ወደብ ወይም የፍሳሽ መውጫ ተከትላችሁ ሂዱ።